ወጣቶቹ ያነባሉ፤ መጽሐፉ ነው የጠፋው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። «የዛሬ ወጣት ጠበቃ አያነብም፤ ችሎት ፊት ቆሞ የሚንተባተበውም ለዚህ ነው» የሚል አስተያየት በገጻችሁ ወጥቶ አነበብኩ። ጸሐፊው አንጋፋ ባለሙያ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፤ ቁጣቸውም ከቅንነት የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተናገሩት ግማሹ ልክ ነው፤ መንተባተቡ አለ። ምክንያቱ ግን አለማንበብ አይደለም። እኔ ደሴ ላይ በጥብቅና የምተዳደር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ገልባጭ ሆኜ ለዓመታት ያገለገልኩ ሴት ነኝ። ወጣቶቹን በየዕለቱ አያቸዋለሁ፤ አብሬያቸው ቡና እጠጣለሁ፤ አንዳንዴም በተቃራኒ ወገን ቆሜ እሟገታቸዋለሁ። ያነባሉ። የሚያነቡት ሌላ፣ ችሎት የሚጠይቃቸው ሌላ ሆኖባቸው ነው። የጠፋው ምስክር መጠየቅንና መሟገትን በአማርኛ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው።

ምን እንደሚያነቡ ልንገራችሁ። የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት፣ የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ውሳኔዎች ቅጾች በየስልካቸው ተጭነዋል። ስለ ቤት ሽያጭ ውል አንድ ነገር ካነሳችሁባቸው አቦሉ ሳይቀዳ «ፍትሐ ብሔር 1723፣ ሰበር መዝገብ ቁጥር 21448» ይሏችኋል። ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ካላችሁ ቁጥር 1845ን፣ ነፍስ ግድያ ካላችሁ በወንጀል ሕጉ የ539ን፣ የ540ንና የ541ን ልዩነት በቃላቸው ይወጡታል። ይህን ሁሉ የያዙት ደግሞ በእንግሊዝኛ ተምረው፣ የመውጫ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ተፈትነው ነው። በማግሥቱ ኩታበር ወይም ተንታ ወረዳ ፍርድ ቤት ሲቆሙ ዳኛው የሚጽፉት በአማርኛ፣ ምስክሩ የሚምለው በአማርኛ፣ ባለጉዳዩ ከኋላ ሆኖ «ይሄን ጠይቅልኝ» እያለ ኮታቸውን የሚጎትተው በአማርኛ ነው። ያን ጊዜ 21448 ብቻውን አያወጣቸውም።

አንድ ያየሁትን ላንሳ። በደቡብ ወሎ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት የእኔ መዝገብ እስኪጠራ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ክሱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 የቀረበ «ሁከት ይወገድልኝ» ነው፤ ተከሳሽ የወሰን ድንጋይ ነቅሎ ወደ ከሳሽ ማሳ አስገብቶ ተክሏል ይባላል። የከሳሽ ምስክር ጥምጣም ያደረጉ፣ ከዘራቸውን የበሩ ማዕዘን ላይ አስደግፈው የገቡ አዛውንት ናቸው። ቁርኣን ይዘው ምለው በዋና ጥያቄ፣ ማለትም የጠራቸው ወገን ሲጠይቃቸው፣ «ድንጋዩ ሲነቀል አይቻለሁ» ብለዋል። የተከሳሽ ጠበቃ በቅርቡ የተመረቀ ልጅ ነው። ተነሳ፤ እውነቴን ነው፣ አጀማመሩ ያምር ነበር።

«አባባ፣ ያን ዕለት ከየት ይመጡ ነበር?»

«ከገበያ።»

«መሽቶ ነበር?»

«መግሪብ ሰግጄ ነው የተነሳሁ።»

«እርስዎ ከቆሙበት መንገድ እስከ ወሰኑ ሩቅ ነው?»

«ወንዙ በመሀል አለ።»

እዚህ ላይ በቃ። ጨለማው አለ፣ ርቀቱ አለ፣ ወንዙ አለ፤ ዳኛው ሁሉንም ጽፈዋል። ልጁ አመስግኖ ቢቀመጥ ኖሮ በመጨረሻው ክርክሩ «ምስክሩ አየሁ የሚሉት በጨለማ፣ ከወንዝ ማዶ ሆነው ነው» ብሎ ይዘልቅበት ነበር። ድል የሸተተው ሰው ግን መቀመጥ ይከብደዋል።

«ታዲያ በዚያ ጨለማ፣ ከወንዝ ማዶ ሆነው፣ እሱ መሆኑን እንዴት ለዩት?»

«ልጄ፣ እኔ መች ለየሁት። እሱ ነው የለየኝ። ወንዙን ተሻግሮ መጣና ጉልበቴን ስሞ ‹አባባ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አላየሁም በሉ› አለኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ አጎንብሰው ጻፉ። ተከሳሹም የት ይግባ።

ልጁ ውጭ ላይ አግኝቶኝ «እትዬ፣ ጥያቄዬ ምን ነበረበት?» አለኝ። ጥያቄው ምንም የለበትም። መልሱን የማታውቀውን ጥያቄ፣ ያውም «እንዴት» ብለህ፣ ያውም የምትፈልገውን ካገኘህ በኋላ አትጠይቅም አልኩት። «ይሄ የት ነው የተጻፈው? የት ላንብበው?» አለኝ። ያን ጊዜ መደርደሪያዬን በሐሳቤ ዞርኩት። በአማርኛ የተጻፈ፣ «እንካ፣ ይሄን አንብብ» ብዬ የምሰጠው አንድም መጽሐፍ አልነበረኝም። እንግዲህ ይህን ልጅ «አያነብም» ብዬ ልውቀሰው?

ሕጉ ራሱ የሚለው አጭር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 137፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቁጥር 263 ስለ ምስክር አጠያየቅ ይደነግጋሉ። በዋና ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ (መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ) አይቀርብም፤ ተቃራኒው ወገን የሚያቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ በዋናው ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ውስጥ ስህተቱን፣ አጠራጣሪውን ወይም ሐሰቱን ለፍርድ ቤቱ ለማሳየት ነው፤ በመስቀለኛ መሪ ጥያቄ ይፈቀዳል፤ ድጋሚ ጥያቄ በመስቀለኛው የተነሳውን ለማብራራት ብቻ ነው። አበቃ። ራሱን ችሎ የወጣ የማስረጃ ሕግ ደግሞ የለንም፤ ያለው በየሕጎቹ ውስጥ ተበታትኖ ነው። ከእነዚህ ጥቂት መስመሮች ተነስቶ አንድ አዛውንትን ጠይቆ በጊዜ እስከ መቀመጥ ድረስ ያለው መንገድ በመጽሐፍ ካልተሞላ በምን ይሞላል? በተግባር የሚሞላው በደንበኛ ኪሳራ ነው። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ተምሯል፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የከፈለው ግን መሬቱን ያጣው ገበሬ ነው።

«ሥነ ሥርዓት ላይ የተጻፈ ሞልቷል» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አዎ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ጽሑፍም፣ የአንቀጽ ማብራሪያም አለ፤ እኔም ተጠቅሜባቸዋለሁ። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ አሜሪካዊው መምህር ሮበርት ሴድለር ስለ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር ስለ ወንጀል ሥነ ሥርዓት የጻፏቸው መጻሕፍት በፈረንጅ 1968 እና 1969 ወጥተው እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ሰዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል፤ እንግዳ ሆነው መጥተው የእኛን ሕግ ሥርዓት አስይዘው ጽፈውልናል። ነገር ግን ሁለቱም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏቸዋል፤ የተጻፉትም ሕጉ ምን እንደሚል ለማስረዳት እንጂ ጠበቃው ከወንበሩ ተነስቶ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል ለማስተማር አይደለም።

የውጭ አገሮቹን የሙግት መማሪያዎችም አይቻለሁ፤ አንድ ዘመዴ ልኮልኝ። ጥሩ ጥሩ ነገር አላቸው። ግን የተጻፉት አሥራ ሁለት ተራ ሰው ፊት ለሚከራከር ጠበቃ ነው፤ የእኛ ሙግት በዳኛ ፊት እንጂ በጁሪ ፊት አይደለም። ያንን አንብቦ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ፊልም አይቶ የሚመጣ ልጅ ችሎት መሀል እየተንጎራደደ «ተቃውሞ አለኝ!» ሲል ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አይተውት «ተቀመጥ፣ ልጄ፤ ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ» ይሉታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኛ ችሎት የራሱ ጠባይ አለው፤ ከውጭ መጽሐፍ አይገኝም። ትልቁ ጠባዩ የዳኛው ብዕር ነው። እኔ ገልባጭ ሆኜ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በወረዳ ፍርድ ቤት የምስክሩን ቃል በእጃቸው የሚጽፉት ዳኛው ናቸው። ይግባኝ ሰሚው የሚያየው ምስክሩ የተናገረውን ሁሉ ሳይሆን ዳኛው የጻፉትን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ረዥም ከሆነ፣ በውስጡ ሦስት ነገር ካዘለ፣ ምስክሩ «አዎ» ሲል ዳኛው የትኛውን «አዎ» ይጻፉ? እኔ ስገለብጥ «ምስክሩ ሲጠየቅ አዎ ብሏል» የሚል መስመር ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል፤ አዎ ለምኑ እንደሆነ መዝገቡም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ዞን ያለው ይግባኝ ሰሚም አያውቅም። አጭር ጥያቄ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ከዚያ የዳኛው ብዕር ከወረቀቱ እስኪነሳ ዝም። ደጉ ጠበቃ በመልሱና በቀጣዩ ጥያቄ መካከል ዝም ብሎ መቆም የሚያውቅ ነው። ይህን የሚያስተምር አንድ ምዕራፍ ቢጻፍ እኔ በበኩሌ ገዝቼ አድላለሁ።

አንቱታውም አለ። በመስቀለኛ ጥያቄ ሽማግሌን «አንተ» ያለ ጠበቃ ጉዳዩን ገና ሳይጀምር ግማሹን አጥቷል፤ ዳኛውም ሽማግሌ አክብረው ያደጉ ሰው ናቸው። ደግሞ አንቱ እያሉ አጥብቆ መጠየቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ «ተሳስተዋል» ሳይሉ ስህተቱን ማሳየት። የምስክሩን መሐላም መያዝ ያስፈልጋል፤ ቁርኣንም ሆነ ወንጌል ይዘው ከማሉ በኋላ «ወላሂ» ብለው የሚጨምሩት ምስክር፣ ከልምዴ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ ቃል ላይ ነው የሚንሸራተቱት። የሴት ምስክር ድምፅ ዝቅ ሲል ዳኛው እንዲሰሙ «ጮክ ብለሽ» ከማለት ሌላ ዘዴ አለ፤ ወደ ዳኛው ወንበር ተጠግቶ መቆም ነው፤ እሷ ወደ አንተ ስትዞር ወደ ዳኛውም ትዞራለች። የዚህ ዓይነት ነገር ምሳ ሰዓት ላይ በጨዋታ ይነገራል፣ ከሰሚው ጋር ይቀራል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ፤ የወቀሳው ጸሐፊ «ወጣቱ የአገሩን የሕግ ታሪክ አያውቅም» ሲሉም አንድ ቦታ ተናግረዋልና። ዶክተር አበራ ጀምበሬን የመሳሰሉ ሊቃውንት ለዚህ ታሪክ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል፤ እሳቸው ከ1434 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን በአንድ መጽሐፍ አካተውልናል። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር»ም የድሮው አስተዳደርና ሥርዓት በሰነድ ተቀምጧል። ጥያቄዬ እነሱ ላይ አይደለም። የታሪክ ትምህርቱ ወደ ወጣቱ ሲደርስ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። በሦስት ገጽ ተጨምቆ ይደርሰዋል፦ ፍትሐ ነገሥት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ፣ አምሳ አንድ አንቀጽ አለው፤ በ1923 ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ፣ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ ረኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነው፣ ዣን ግራቨን ስዊዘርላንዳዊ ነው። ለፈተና ይጠና፣ ከፈተና በኋላ ይረሳ።

በልሃ ልበልሃ የምንላት የድሮዋ የቃል ሙግትም በዚያው ገጽ እንደ ጨዋታ ትጠቀሳለች፤ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ዘንጉን እያወዛወዘ፣ ግጥም እየገጠመ የሚሟገት አባት ሥዕል ይደረግላታል፤ ይሳቅባታል፤ ይታለፋል። እኔ ግን ሳስበው እዚያ ውስጥ ትልቅ የሙግት ትምህርት አለ። ወርዱን፣ ማለትም ውርርዱን፣ ተመልከቱት። ተሟጋቹ «ይህን አላደረግህም ብትል በማር! በበቅሎ! በፈረስ!» ብሎ ያስይዛል። ባላጋራው ወርዱን ከተቀበለ ክርክሩ ከብዙ ወሬ ወጥቶ አንዲት ነጥብ ላይ ተተከለ፤ ምስክሩም የሚቆጠረው በዚያች ነጥብ ላይ ነው። ዛሬ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ከቁጥር 246 ጀምሮ «ጭብጥ መያዝ» የምንለው፣ የሚያከራክረውን ነጥብ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ምንድን ነው ታዲያ? እኔ እንደሚገባኝ ያ አባት ጭብጡን በባላጋራው አፍ ያስይዘው ነበር። ዛሬ ጭብጡን የሚይዙት ዳኛው ናቸው፤ ብዙ ጠበቃ ክሱን ሲጽፍ በመጨረሻ የትኛዋ ነጥብ ላይ እንደሚቆም አስቦ አይጽፍም። አሥራ ስምንት አንቀጽ ያለው የመከላከያ መልስ ይመጣል፤ አሥራ ስድስቱ ዝም ብሎ «ክዶ ይከራከራል» ነው።

ተጠየቁንም፣ ተሟጋቾች ፊት ለፊት እየተጠያየቁ የሚረታቱበትን፣ እንዲሁ። ሙግቱ ሜዳ ላይ፣ ሕዝብ ፊት ነበር፤ መንገደኛ ሳይቀር ይዳኝ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ከብት እየጠበቀ ቆሞ ይሰማል፤ ማን እንዴት ጠይቆ እንደረታ፣ ማን በአፉ እንደተያዘ ማታ ይደግመዋል። ጥያቄ መጠየቅ ሰው እያየ የሚማረው ነገር ነበር። ሙግቱ ከሜዳ ወደ ቢሮ፣ ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገባ፣ በተለይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3347 ራሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ሕግ ከሻረ በኋላ፣ ከሕጉ ጋር አጠያየቁም አብሮ የተሻረ መሰለን። የሙግት ጥበብ ግን በአዋጅ አይሻርም። የሚጠፋው የሚያስተምረው ሲጠፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የድሮው ሁሉ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ባለዕዳና ባለገንዘብ በቁራኛ ታስረው መዋላቸው፣ በአውጫጭኝ ወንጀለኛው እስኪታወቅ የአገር ሰው ተሰብስቦ ታግቶ መዋሉ፣ በሌባሻይ ሌባ ለማግኘት መድኃኒት ያጠጡት ልጅ ሮጦ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ መባሉ፤ እነዚህን ማንም አይናፍቃቸውም። ጥሩ የሕግ ታሪክ መጽሐፍ እነዚህንም ሳይሸፋፍን ይነግረናል፤ ያኔ ዛሬ «ሰው ካላመነ ማስረጃ የለም» የሚል መርማሪ ሲያጋጥመን ነገሩ ከየት እንደመጣ እናውቃለን።

ለወሎ ሰው ደግሞ የሕግ ታሪክ የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ የዛሬ መዝገብ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። መደበኛው ፍርድ ቤት፣ የሸሪዓው ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ በቃሉና በወረባቦ በኩል ደም የሚያደርቁት፣ ማለትም ባለ ደም የሚያስታርቁት፣ አባጋሮች፣ ከሁሉም በታች የሰፈር ሽማግሌ አለ። የቃዲዎች (የሸሪዓ ዳኞች) ፍርድ ቤት በአዋጅ የታወቀው በፈረንጅ ከ1942 ጀምሮ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ሲከፍት በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብሎ ነው። አሁን አንዲት እህት መጥታ «ወንድሜ ውርሱን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከፍቶታል፤ እኔ ያልሄድኩበት ቀን ፈርመሻል አሉኝ» ስትል ጠበቃው የመጀመሪያ ሥራው ፈቃዱ ተሰጥቷል ወይ፣ ተቃውሞውስ በጊዜው ተነስቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። የፈቃዱን ነገር የሚያውቀው የታሪኩን መንገድ የሚያውቅ ነው። ተቃውሞውን በጊዜ ማንሳት ደግሞ የሙግት ሙያ ነው። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቢገናኙ ምን ነበረበት? እኔ የምለው ይኼንን ነው፤ «የሕግ ታሪክ» ብለን ለሊቃውንት፣ «የሙግት ክህሎት» ብለን ለሥልጠና አዳራሽ ለያይተን አስቀመጥናቸው።

ሥልጠናውን ካነሳሁ አይቀር። ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ይደረጋል፤ ሻይና ብስኩት አለ፤ በግድግዳ ላይ የሚበራ ጽሑፍ ይነበባል፤ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። አንድም ሰው ተነስቶ ምስክር ሲጠይቅ አላየሁም። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልልም።

ሙያው ከአንጋፋ ወደ ወጣት ያልተላለፈበት ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። እኛ አገር ጠበቃ ለየብቻው ነው የኖረው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተም። በሌላው ዓለም እንደሚታየው ወጣቱ በአንጋፋ ቢሮ ውስጥ ዓመታት ቦርሳ ተሸክሞ የሚማርበት ሥርዓት አልነበረንም። በፌዴራል ደረጃ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም የተፈቀደው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው፤ ትናንት ማለት ነው። አንጋፋው የሚያውቀውን ለማን ያስተላልፍ? ለተፎካካሪው? አንዳንዱ ግን በደብተር ያስቀምጥ ነበር።

እኔን ጥብቅና ያስተማሩኝ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ነበረቻቸው። ቤተሰባቸው ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀደ አልጠቅሳቸውም። ከችሎት ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ ባለመስመር ደብተር ያወጣሉ። ገጹን በስክሪፕቶ ለሁለት ከፍለው በግራ የጠየቁትን ጥያቄ፣ በቀኝ ያገኙትን መልስ ይጽፋሉ። የጎዳቸውን ጥያቄ በቀይ ከስሩ ያሰምሩና «አይደገም» ይሉበታል። እኔ በዚያን ጊዜ ገልባጭ ነበርኩ፤ መዝገብ ሊያዩ ሲመጡ «እታለም፣ ዳኛው ይቺን እንዴት ጻፏት?» ብለው ይጠይቁኝና የዳኛውን አጻጻፍ ከጎኑ ይጨምሩበታል። ጥያቄው፣ መልሱ፣ መዝገቡ ላይ የቀረው። እስቲ ከዚህ የተሻለ የሙግት መጽሐፍ ንገሩኝ።

ከማስታውሰው ጥቂት ልጥቀስ። «ምስክር ‹ሁሉም ሰው ያውቃል› ካለ፣ ማን ማን ብለህ በስም አስቆጥረው፤ ሦስተኛው ላይ ይቆማል።» «የድንበር ምስክርን ስለ ድንበሩ ከመጠየቅህ በፊት የራሱን ማሳ አዋሳኞች ጠይቀው።» «ዘመድ ነህ ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ የእናቱን እናት ስም ጠይቅ።» «ሽማግሌ ሲያለቅስ ቁጭ በል።» አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ምንም ጥያቄ የለም፤ «ዛሬ ምንም አልጠየቅሁም፤ ረታሁ» ይላል። ይህ የመጨረሻው እንኳ ብቻውን የዚያን የወንዝ ማዶ ልጅ ጉዳይ ያድን ነበር።

ሰውዬው አርፈዋል። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ የብዙ ጠበቃ ቢሮ ተሰብሯል፤ የእኔም አልቀረም፤ ኮምፒውተሩ ሲሄድ መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተበትነው ዝናብ ገብቶባቸው አገኘኋቸው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እንደሚባለው ከዕቃው ይልቅ የቆረቆረኝ ወረቀቱ ነበር፤ ከሳቸው የገለበጥኳቸው ጥቂት ገጾች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ዋናዎቹ ደብተሮች ግን ደህና ናቸው፤ ልጃቸው ኮምቦልቻ ወስዳቸው በማዳበሪያ ጆንያ አስራ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣቸዋለች። አንድ አሳታሚ አናግሬ ነበር። «ገበያ የለውም፤ የሕግ መጽሐፍ የሚሸጠው አዲስ አዋጅ ሲወጣ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ሲወጣ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሌሊት ሁሉ ሲሠሩ ነበር። ሰው የሚገዛው ነገ ፈተና ወይም ቀጠሮ ያለበትን ነው። እኔ ግን ነገ ቀጠሮ ያለው ጠበቃ ከአዋጅ ይልቅ ይህን ደብተር ይገዛል ብዬ እከራከራለሁ፤ መኖሩን ቢያውቅ።

ስለዚህ ለወቀሳው ጸሐፊ የምለው አለኝ። እርስዎ አንጋፋ ነዎት፤ መቼም ስንት ምስክር ጠይቀዋል፤ ስንት ዳኛ ፊት ቆመዋል። የትኛው ጥያቄ እንደሠራልዎ፣ የትኛው እንደጎዳዎ የባለጉዳዩንና የምስክሩን ስም ትተው ይጻፉልን። የመልስ አጻጻፍዎን፣ የመቃወሚያዎን አቀራረብ፣ የመጨረሻ ክርክርዎን አንድ አንድ ምሳሌ ይስጡን። ሃያ ዓይነት ጉዳይ ቢበቃ ይበቃል፤ የሁከት፣ የውርስ፣ የፍቺ ንብረት፣ የትራፊክ ጉዳት፣ የስርቆት፣ የድብደባ። በአማርኛ ይሁን። የሕግ ትምህርት ቤቶችም፣ የእኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጭምር፣ ተማሪው ከሚያዘጋጃቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ጥቂቱን እንኳ ከተዘጉ መዝገቦች የምስክር አጠያየቅ እያወጣ እንዲተነትን ቢያደርጉት በአምስት ዓመት ውስጥ መጽሐፍ ይሆናል። የተዘጋ መዝገብ ለማየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤቶቹ ቢተባበሩ ስሙን ሸፍኖ መሥራት አያቅትም፤ እኔ ገልባጭ ሆኜ ያን የሚያህል መዝገብ ስገለብጥ የማንንም ምስጢር አላወጣሁም።

የጋሼን ደብተሮች በሚመለከት ከልጃቸው ጋር ተነጋግረናል። የባለጉዳይ ስም እየተሰረዘ እንዲገለበጥ ፈቅዳለች፤ ደብተሮቹ ግን ከኮምቦልቻ አይወጡም። እዚያው ሄዶ የሚተይብ፣ አማርኛ አጥርቶ የሚጽፍ አንድ ሁለት ወጣት እፈልጋለሁ፤ የሕግ ተማሪ ቢሆን ይመረጣል። ከደሴ የታክሲውንና የምሳውን እኔ እችላለሁ። አንባቢዎቻችሁም በወልድያ፣ በሐይቅ፣ በከሚሴ፣ በመካነ ሰላም በኩል እንዲህ ዓይነት ደብተር የተወላችሁ አባት ወይም አያት ጠበቃ ካለ ለጋዜጣው አሳውቁልን፤ አድራሻዬን ዝግጅት ክፍሉ ያውቀዋል። የተረበሸ የእጅ ጽሑፍ ቢሆንም ግድ የለም፤ የዳኛ ጽሑፍ ያነበበ ዓይን አለኝ።

ሰ. ዓ.
ጠበቃ፣ ከደሴ